የዳኛው ደጋፊዎች

ባለፈው ሳምንት የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ቴቬሬ ወንዝ ዳር ተበላሽቶ ቆመ። የሮማ አውቶቡስ መበላሸቱ ወሬ አይሆንም፤ ሾፌሩ ወርዶ ሲጋራውን ለኮሰ፣ እኛም በተከፈተው በር በኩል አየር መሳብ ጀመርን። የታጨደ ሣር ሽታ ከወንዙ ጭቃ ጋር ተደባልቆ የመጣብኝ ያኔ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ያደገበት መስክ ትዝ ይለው ነበር። እኔ አስካለ የመርካቶ ልጅ ነኝ፤ ሣር የማውቀው በነዶ ታስሮ ሲሸጥ ነው። እኔን ትዝ ያለኝ እዚያው ወንዝ ዳር የነበረ የቤዝቦል ሜዳ ነው። ትዝ እንዳለኝም ፊቴ ጋለ። በዚህ ዕድሜዬ፣ የደም ግፊት ኪኒን በቦርሳዬ ይዤ፣ ማንም በማያውቀኝ አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብዬ አፈርኩ።

ዓመቱን አትጠይቁኝ። አገር ቤት መንግሥት ተለውጦ፣ ደፍሮ ለእረፍት የሚሄደው ገና ጥቂት የሆነበት፣ የአዲስ አበባና የአስመራ ልጅ ሮማ ውስጥ ቪያ ቮልቱርኖ መንገድ ላይ ከአንድ ትሪ የሚበላበት ጊዜ ነበር። ትሪው የተለየው በኋላ ነው። ሊሬ ገና አልሞተችም። ባር ውስጥ ቆመው ከጠጡ አንድ ሲኒ ቡና ሺህ ሁለት መቶ ሊሬ፣ ከተቀመጡ እጥፍ ነው፤ ስለዚህ የዚያ ዘመን ሐበሻ ሮማ ላይ ቁጭ ብሎ ቡና የሚጠጣው በአሠሪው ቤት፣ ያውም አሠሪው ሲወጣ ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የቤት ሠራተኛ ሁሉ ይፈታል። ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ እስከ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ያለው መንገድ በሐበሻ ይሞላል፤ ወንዶቹ በቆዳ ጃኬት፣ ሴቶቹ ትከሻው በስፖንጅ ባበጠ ኮት፣ ጸጉራቸውን ሐሙስ ጠዋት በቢጉዲ ጠቅልለው ሐሙስ ከሰዓት ፈትተው። እኔ የሰው ቤት ሥራ ትቼ ንግድ ጀምሬአለሁ። ሱቄ ሁለት ቦርሳ ነበር። በቀኙ በርበሬና ሽሮ፣ በግራው ነጠላ፣ ካሴትና የስልክ ካርድ። ትልቁ ጥበብ በርበሬው ካሴቱን እንዳይነካ መጠበቅ ነው። ሁልጊዜ አልተሳካልኝም፤ ከኔ የተገዛ ካሴት ሲዘፍን ያስነጥሳል እየተባለ ተቀልዶብኛል። ዛሬ ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ውስጥ መደብ አለኝ፣ ሚዛን አለኝ፣ ደረሰኝ እቆርጣለሁ፤ ግን እንደዚያ ጊዜ ሰው ከቦኝ አያውቅም።

አልማዝ የምትባል ጓደኛ ነበረችኝ፤ አንዲት ባለማዕረግ አሮጊት ዘንድ የምትሠራ። አሮጊቷ የሰለቻትን የጸጉር ካፖርት ሰጥታት ሚያዝያም ግንቦትም ትለብሰው ነበር። አልማዝ፣ በዚህ ሙቀት ስንላት፣ ክረምትማ ሲኞራዋም ትለብሳለች፣ ታዲያ ልዩነታችን ምኑ ላይ ነው ትለናለች። እልልታዋ ደግሞ የታወቀ ነበር። ቴርሚኒ ጣቢያ አንድ ጊዜ እህቷን ስትቀበል እልል ብላ ፖሊስ እየሮጠ መጥቷል።

ኪዳኔን ያወቅነው እዚያው ሐሙስ ሐሙስ ነው። የአስመራ ልጅ ነው፤ በአማርኛ የተማረ፣ አነጋገሩ ለስላሳ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ። ፕራቲ ሰፈር የአንድ ትልቅ ሕንፃ ፖርቲናዮ ነበር፤ በር ይጠብቃል፣ ደብዳቤ ያድላል፣ አሳንሰሩ ሲቆም ጠጋኝ ይጠራል። እሑድ ሲሆን ግን የቤዝቦል ዳኛ ነው። ይህን ሲነግረን ማንም አላመነውም። ቤዝቦል የአሜሪካ ነው፤ ኢጣሊያን ምን አገናኘው? እሱ ግን ልጅ ሳለ ሰፈሩ አጠገብ ከነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች ጨዋታውን ለምዶ፣ ሮማ መጥቶ ኢጣሊያኖችም እንደሚጫወቱት ሲያይ፣ እግሩ አርጅቶ ኖሮ ለዳኝነት ተፈተነ። የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ፔርሜሶውን፣ ለማግኘት ከፈጀበት ይልቅ የዳኝነት ወረቀቱን ለማግኘት የፈጀበት ጊዜ አጭር ነበር። ብዙ ዓመት በታችኛው ምድብ ዳኘ።

ጨዋታውን እኔ እንደገባኝ ልንገራችሁ። አንዱ ከመሐል ሜዳ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው ዱላ ይዞ ሊመታው ይጠብቃል። ከመቺው ኋላ ኳስ የሚቀልብ ሰው ቁጢጥ ይላል፣ ከሱ ኋላ ደግሞ ደረቱን በፍራሽ፣ ፊቱን በብረት ወንፊት የሸፈነ ዳኛ ጎንበስ ብሎ ያያል። ኳሱ በደንብ ካለፈ ዳኛው እጁን አንሥቶ ይጮኻል፤ ይህ ለመቺው መጥፎ ነው። የቀረው ሩጫ ነው፤ መቺው ዙሪያውን ሮጦ ኳሱ ሳይቀድመው ከተነሣበት ከተመለሰ ነጥብ ነው፣ ኳሱ ከቀደመው ይወጣል። ቀደመ አልቀደመም የሚለው ያው ዳኛው ነው። አልማዝ፣ ይሄማ የገና ጨዋታ ነው፣ ልዩነቱ እዚህ ሰዉ ተራ እስኪደርሰው ቁጭ ይላል አለች።

አንድ ሐሙስ ባር ውስጥ ኪዳኔ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ፣ የካፌ ሲኒውን እያዟዟረ፣ በሚመጣው እሑድ አንድ ኮሚሳሪዮ ሊያየው እንደሚመጣ ነገረን። ኮሚሳሪዮው ዳኞችን የሚመዝን ሰው ነው። ከወደደው በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ላይኛው ምድብ፣ ወደ ሴሪያ አ ያልፋል፤ ካልወደደው በዕድሜው ሌላ ዕድል አይሰጠውም። ኑ አላለንም፣ አትምጡም አላለንም። ለሠርግ ይጠራል፤ ለሰው ጭንቅ ግን ማን ጥሪ ይጠብቃል? በዚያ ላይ ያን ጊዜ ሮማ ውስጥ እኛን የሚመስል ሰው እጁን አንሥቶ ኢጣሊያኑ የሚታዘዝለት ሌላ ቦታ አናውቅም። የራሳችን ቡድን የለን፣ የራሳችን ተጫዋች የለን። ያለን አንድ ዳኛ ነው፤ ልንደግፈው ወጣን።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሴቱም ወንዱም ነጠላውን እንዳጣፋ በትራም ሄድን። አቶ ወልዴም አብረውን ነበሩ። አቶ ወልዴ የሁላችን አስታራቂ ነበሩ፤ ልጃቸው ከአዲስ አበባ አምጥታቸው፣ ጥቁር ሙሉ ልብስ በባርኔጣ ለብሰው፣ ጃንጥላ ይዘው ይዞራሉ፤ ሮማ ላይ የተጣላ ባልና ሚስት ሁሉ በእሳቸው እጅ ያለፈ ነው። እኔ ሁለቱን ቦርሳዬን ሞልቼ ከሸቀጡ ጋር ውሃና ለውዝ ይዣለሁ። የሚጮህ ሰው ጉሮሮው ይደርቃል፤ ሲደርቅ ደግሞ እኔ አለሁ።

የተቀመጥነው ከኪዳኔ ጀርባ፣ ከአጥሩ ኋላ ነው። ሰማያዊ የለበሱት የሮማ ልጆች፣ ቀይ የለበሱት እንግዶች ናቸው፤ ለኛ ሁለቱም አንድ ነበሩ። ኪዳኔ የመጀመሪያውን እጁን አንሥቶ ሲጮህ አልማዝ እልልታዋን ለቀቀችው፤ እኛም ተከተልን። መቺው ዘወር ብሎ አየን። ኢጣሊያኖቹ መጀመሪያ ሳቁ፣ አጨበጨቡልንም። ግን ኪዳኔ እጁን ባነሣ ቁጥር እልል ስንል፣ አንድ ሰማያዊ ለባሽ አንገቱን ደፍቶ ሲወጣም እልል ስንል፣ ሰዉ የምናላግጥበት መሰለው። የሰማያዊዎቹ አሠልጣኝ ሄዶ ኮሚሳሪዮው ጆሮ ሥር የሆነ ነገር ተናገረ። ያን ጊዜ ነው ኮሚሳሪዮውን ያየነው፤ ከዳር ብቻውን የተቀመጠ፣ ሽበታም፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚጽፍ ሰው።

በዕረፍቱ ኪዳኔ ወንፊቱን ወደ ላይ ገልብጦ ወደ አጥሩ መጣ። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጥሩ ዳኛ ማለት ሰው ቤቱ ሲገባ ማን እንደዳኘ የማያስታውሰው ነው አለን፤ እንደ ቅዳሴ ጸጥ ብለን እንድናይለት ለመነን። አልማዝ በቅዳሴም እኮ እልል ይባላል አለችው። አልሳቀም።

እኛ ዝም ስንል ኢጣሊያኖቹ ጀመሩ። ፍርዱ በሰማያዊዎቹ ላይ በጠነከረ ቁጥር ከወዲያ ማዶ ‘ቩ ኩምፕራ!’ የሚል ጩኸት ይመጣል። በዚያ ዘመን መንገድ ላይ ቦርሳና መነጽር ዘርግቶ ‘ትገዛለህ?’ እያለ የሚለምነውን አፍሪካዊ የሚያላግጡበት ስድብ ነው። ስድቡ ለኪዳኔ ነበር፤ እሱ ግን በሕይወቱ አንዲት ክብሪት ሸጦ አያውቅም። ሁለት ቦርሳ ታቅፌ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ቦርሳዎቹን በእግሬ ገፋ አድርጌ ከመቀመጫው ሥር ደበቅኋቸው።

በመጨረሻው ተራ ሰማያዊዎቹ እኩል ለመሆን አንድ ነጥብ ብቻ ቀርቷቸው አንዱ ልጅ እየበረረ መጣና በሆዱ ተንሸራቶ አቧራ ውስጥ ጠፋ። ኳሱም አብሮ ደረሰ። ኪዳኔ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ትንሽ ቆየ፣ ክንዱን ወደ ላይ ወረወረ፤ ወጥቷል። ጨዋታው አለቀ፣ ሰማያዊዎቹ ተሸነፉ። ከዚያ በኋላ የሆነው የሚያስመሰግነን አይደለም። ከወዲያ ጠርሙስ ተወረወረ፣ የመቀመጫ ትራስ ተወረወረ። ከወዲህ ደግሞ እኛ አጥሩ ላይ ወጣን። ጣሊያንኛችን ያኔ የወጥ ቤት ጣሊያንኛ ነበር፤ ስድቡን ግን አሳምረን እናውቀዋለን፣ ዓመት ሙሉ ከአሠሪዎቻችን ስንሰማው የኖርነው ነው። ሰነፍ፣ ሌባ፣ አገርሽ ውስጥ መታጠቢያ አለ ወይ፤ ሲኞራዎቻችን በኛ ላይ የተናገሩትን ሁሉ በዚያች ቀን ላገሩ ሰው መለስነው። አልማዝ ጫማዋን አውልቃ ወረወረች። የመታው የሰደበንን ሰው ሳይሆን ሉፒኒ የሚሉትን ግብጦ የሚሸጥ ሽማግሌን ነው። ሽማግሌው ጆሮውን ይዞ ቁጭ አለ፤ ሉፒኒው ደረጃው ላይ ተበተነ። እኔ እንኳን፣ ሻጭ ሆኜ የሻጭን ዕቃ ዋጋ የማውቅ ሰው፣ ወርጄ አላነሣሁለትም።

ኪዳኔ በሁለት ዘበኛ ታጅቦ ወደ ልብስ መቀየሪያው ገባ። ኮሚሳሪዮው ግን ከቦታው አልተነሣም፤ ይጽፋል። አቶ ወልዴ ረጋ ብለው አዩትና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

“ሰውየው ተቆጥቷል፤ ቁጣውን ይዞ ቤቱ እንዲገባ መተው ነውር ነው። ነይ አስካለ፣ አፍ ሁኚኝ” አሉኝ።

እዚህ ላይ ወጋችንን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አለብኝ። እኛ አገር ሽማግሌ ደጅ ሲቆም ልጃችን አላጠፋም ብሎ አይጀምርም፤ ያ ክርክር ነው፣ ባለቤቱንም መድፈር ነው። ሽማግሌ ጥፋቱን ሁሉ ይቀበላል፣ ያልተሠራውንም ጨምሮ ይሸከማል። የተለመነው ሰው ያኔ ልቡ ይራራና፣ ኧረ ይህን ያህልስ አላጠፋም ይላል። እርቁ ከዚያች ቃል ይጀምራል። አቶ ወልዴ ስንቱን ትዳር በዚህ መንገድ እንደመለሱት እኔ ምስክር ነኝ። ኮሚሳሪዮውን ግን የሱን ድርሻ ማን አስጠንቶታል?

ሄድን። አቶ ወልዴ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ከወገባቸው እጅ ነሡ።

“ጌታዬ፣ ልጃችን አጥፍቷል። በደንብ ሳያይ ፈርዷል። ስለ ሽበቴ ብለው ይማሩልን” አሉ።

እኔም በገበያ ጣሊያንኛዬ ቃል በቃል አቀረብኩት። ሰውየው ብዕሩን አቆመ። መነጽሩን ከግንባሩ አወረደና እኔን አየኝ።

“ሳላይ ነው የፈረድኩት ብሎ እሱ ራሱ ነግሯችኋል?”

ተረጎምኩላቸው። አቶ ወልዴ በሩ የተከፈተ መሰላቸው፤ አንገታቸውን የባሰ ደፉ። አዎ ጌታዬ፣ ሰው ነው፣ ያጠፋል አሉ። እኔም ባዶ እጅ ሽምግልና አይወጣም ብዬ፣ የጋብቻ ቀለበቱን አይቼ፣ ለባለቤቱ አንድ ጥለቱ ወርቅማ የሆነ ነጠላ ከቦርሳዬ አውጥቼ ጉልበቱ ላይ አኖርኩ። ሰውየው ነጠላውን በጥንቃቄ አጥፎ ወንበሩ ላይ አስቀመጠው። አሎራ፣ ግራፅዬ ሲኞራ ብሎ አመሰገነኝና ወረቀቱን ሰብስቦ ሄደ። አቶ ወልዴ፣ አየሽ፣ ሆዱ ባብቶ ነው፣ እንባውን እንዳናይበት ነው አሉኝ። እሺ አልኩ። ግን ነጋዴ ነኝ፤ ተመልሶ የሚገዛና የማይመለስ ሰው ጀርባው ይለያያል። ነጠላውን አንሥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ከዚያ በኋላ ኪዳኔ ሁለት ሐሙስ ጠፋ። ሽሮ ይዤለት ወደ ፕራቲ ሄድኩ። የፖርቲናዮ ክፍሏ ከደረጃው ሥር ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ የቁልፍ መስቀያ፣ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ። የዳኝነት ዕቃውን፣ ወንፊቱን፣ የደረት ፍራሹን፣ የእግር መከላከያውን አጥቦና ወልውሎ ጠረጴዛው ላይ ደርድሮታል። አንቺ ገበያ ታውቂያለሽ፣ የሚገዛ ካለ ሽጭልኝ አለኝ።

ምን ሆነ ብዬ ሳልጠይቅ እሱ ራሱ ነገረኝ፤ ሳይቆጣ፣ ስለተበላሸ አሳንሰር ለነዋሪ እንደሚያስረዳ። ኮሚሳሪዮው መጀመሪያ የጻፈው መልካም ነበር። የተቀመጠበት ቦታ ያቺን የመጨረሻዋን ኳስ ለማየት የሚያመች ስለነበር ፍርዱ ትክክል ነው፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል አልተናወጠም ብሎ ጽፎለት ነበር። ከኛ በኋላ ሰረዘው። የዳኞቹ አለቆች ኪዳኔን ቢሯቸው ጠርተው ሳታይ መፍረድህን ለወገኖችህ ነግረሃል ወይ አሉት፤ ስጦታስ ለምን አስላክህ አሉት። ሰዎቹን አላውቃቸውም ካለ ወይም ሽማግሌው የተናገሩት ሐሰት ነው ብሎ ከፈረመ ጉዳዩ እንደገና ይታያል፣ አለዚያ ዳኝነቱ ያበቃል ተባለ።

“ታዲያ አልፈረምክም?” አልኩት።

“አቶ ወልዴ ዋሽተዋል ብዬ? ነገ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?”

“ልሂድና እኔ ላስረዳቸው። ወጋችን ነው፣ እኛ ዘንድ እንዲህ ነው የሚለመነው ልበላቸው።”

ቀና ብሎ አየኝ። “አሁንም ልትማልጂልኝ ነው፣ አስካለ?”

ፈገግ ብሎ ነው ያለው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የተሰደበ ሰው መልስ ይኖረዋል፤ እኔ ሽሮዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ የደረት ፍራሹን ክር ስነካካ ቆየሁ። ስወጣ አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ፤ አቶ ወልዴ እንዳይሰሙ። ጠይቀውት ነበር፣ እሱም ተሳክቷል ብሏቸዋል።

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ከሰዓት ኪዳኔን ቪያ ቮልቱርኖ ላይ ያየው የለም። ሰዉ ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ እየዳኘ ነው ይላል፤ አቶ ወልዴም ደስ ይላቸዋል። እኔ ግን የት እንዳለ አውቃለሁ። ከደረጃው ሥር ቁጭ ብሎ፣ የሕንፃው ሰው ሁሉ ለሽርሽር ወጥቶ፣ የሚጠብቀው በር የሚያንኳኳው ሳይኖር፣ አንድ ሽማግሌ እንዳያፍሩ እሑዱን ይገፋል። ዕቃውን ሸጥኩለት። ለስፖርት የሚፈልገው አልተገኘም፤ ፒያሳ ቪቶሪዮ ላይ አንዲት እናት ለካርኔቫል የፊት ጭምብል ይሆናል ብላ ወንፊቱን ለልጇ ገዛችው። ተከራከረችኝ፣ እኔም ቀነስኩላት። ሲኞራ፣ ይህን ፊቱ ላይ ያጠለቀው ሰው በሕይወቱ ተከራክሮ አያውቅም ልላት አማረኝ፤ ቫ ቤኔ፣ እሺ ብዬ በከረጢት ሰጠኋት።

ዓመታት አለፉ። አገር ቤት ነገር ተበላሸ፣ ጦርነት ተነሣ፣ ቪያ ቮልቱርኖ ላይ ያዲሳባውና ያስመራው ሰው በየራሱ ቤት መብላት ጀመረ፤ ሰላምታም ቀዘቀዘ። በዚያው ሰሞን አልማዝ ልጅ ክርስትና ስታነሣ ኪዳኔን ጠራች። ይመጣል ያለ ሰው አልነበረም። መጣ፤ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ፣ ለሕፃኗ የብር መስቀል ይዞ፤ አቶ ወልዴ ከጎናቸው አስቀመጡት። አቶ ወልዴ በጣም አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ፈዟል፣ ታሪካቸው ግን አልፈዘዘም። ጠላው ሲቀዳ ጀመሩ። ያን ቀን የኢጣሊያን ሹም በቁጣ ሊገነፍል ሲል እንዴት ባርኔጣቸውን እንዳወለቁ፣ ሹሙ እንዴት እንዳለቀሰ፣ የሐበሻ ወግ እንኳንስ ለሰው ለድንጋይም እንደሚገባ ተረኩ። ወጣቶቹ ሁለቱን ቋንቋ እያቀላቀሉ ይጠይቋቸዋል። አንዱ በጣሊያንኛ፣ እውነት ነው ወይ ብሎ ጓደኛውን ሲጠይቅ ሰሙትና ወደ ኪዳኔ ዞሩ።

“ያን ቀን እኔ ባልኖር እንጀራህ አልተቆረጠም ነበር ወይ? ለነዚህ ልጆች ንገራቸው እስቲ፣ ልጄ።”

የትሪው ጉዳይ፣ ያገሩ ጉዳይ፣ ሁሉም የሚጠብቀው የዚህን ያስመራ ሰው መልስ መሰለ። ኪዳኔ መነሣት ሳያስፈልገው ተነሣ።

“እውነት ነው አባቴ። በእርስዎ ነው የቆምኩት” አለ፤ ጎንበስ ብሎም ጉልበታቸውን ሳመ።

ሰዉ አጨበጨበ። አቶ ወልዴ በፈዘዘ ዓይናቸው እየሳቁ ራሱን ዳበሱት። ኪዳኔ ቀና ሲል ዓይኑ እኔ ላይ ዐረፈ። አልጠቀሰኝም፣ ፊቱንም አላጠቆረብኝም። ፍርዱን ሰጥቶ እንደጨረሰ ሰው ብቻ አየኝ። እጆቼ ጭኔ ላይ ነበሩ፤ አነሣኋቸውና እኔም አጨበጨብኩ።